“ለልጄ ሮኬት ላሳየው ቃል ገባሁ፤ ባለቤቴ ግን ድንኳን ጠግቤያለሁ አለኝ”

ውድ የዓምዱ አዘጋጅ፣

እንደምን ሰነበቱ? የምኖረው አትላንታ አጠገብ፣ ክላርክስተን ነው። የ11 ዓመት ወንድ ልጅ አለኝ፤ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ወሬው ሁሉ ሮኬት ነው። ባለፈው ዓመት አንድ ቀን በሌሊት ተነስተን ወደ ፍሎሪዳ ነዳን። ደርሰን ወንዝ ዳር ቆመን ስንጠብቅ፣ ሊነሳ ጥቂት ደቂቃዎች ሲቀሩት ለነገ ተላልፏል ተባለ። በማግስቱ ሥራ ስለነበረኝ ያንኑ ቀን ተመለስን። ልጄ እስከ ጆርጂያ ድንበር ድረስ አለቀሰ። እኔም እንደገና እንሄዳለን ብዬ ቃል ገባሁለት።

አሁን በግንቦት መጨረሻ፣ ትምህርት ሲዘጋ፣ ከሐሙስ እስከ እሑድ አራት ቀን ፈቃድ አግኝቻለሁ። ሆቴሉ ስለተወደደብኝ ድንኳን ገዝተን ካምፕ ብናደርግ አልኩ። ባለቤቴ ግን “ሮኬቱን በቴሌቪዥን ማየት ይቻላል፤ እኔ ድንኳን ጠግቤያለሁ” አለኝ። አሜሪካ ከመግባቱ በፊት ሱዳን ውስጥ በስደተኞች ካምፕ ዓመታት አሳልፏል፤ ስለዚያ ጊዜ ብዙ አያወራም፣ እኔም አልገፋሁትም። ከደሴ ልትጠይቀኝ የመጣችው እናቴ ደግሞ “የልጅ ልጄ ከሄደ እኔም እሄዳለሁ” ብላለች። 67 ዓመቷ ነው፤ ስኳር ስላለባት ኢንሱሊን ትወጋለች፣ ጉልበቷንም ያማታል።

ሮኬቱ ዳግመኛ ቢቀር ልጄ ፊት ውሸታም እሆናለሁ። ባለቤቴን አስገድጄ ብወስደው ጉዞው ኩርፊያ ይሆናል፤ ጥዬው ብሄድ ልጁ “አባዬስ?” ይለኛል። እኔ ራሴ ድንኳን ተክዬ አላውቅም። ምን ይመክሩኛል?

ቃሌ የከበደኝ፣ ከአትላንታ

*

ውድ እህቴ፣

ደብዳቤሽን ሳነብ ቆም ያደረገችኝ ባለቤትሽ የተናገራት አጭር ቃል ናት፤ “ድንኳን ጠግቤያለሁ።” ዓመታትን በሸራ ሥር ያሳለፈ ሰው ድንኳን ሲባል ነፋስ ሌሊቱን ሙሉ ሸራውን ሲመታው፣ ዝናብ ከሥር ሲገባ፣ የውሃ ወረፋው ሊታየው ይችላል። ለአንቺና ለልጅሽ ጨዋታ የሆነው ለእሱ ኑሮ ነበር። ምናልባት ደግሞ የከበደው ወጪው ወይም የመንገዱ ርዝመት ይሆናል። ይህን ሊነግርሽ የሚችለው እሱ ብቻ ነውና፣ አንቺስ ጠይቀሽዋል? አልገፋሁትም ማለትሽ ደግ ነው፤ አለመግፋትና አለመጠየቅ ግን ይለያያሉ።

ልጁ በተኛበት፣ ሁለታችሁ ብቻ ስትሆኑ፣ “ድንኳን ጠግቤያለሁ ስትለኝ ስለዚያ ጊዜ አሰብኩ። ላግባባህ ብዬ አይደለም፣ ማወቅ ፈልጌ ነው” በይው። ከዚያ ዝም ብለሽ ጠብቂ። ካወራ፣ ያን ምሽት ስለ ጉዞው አታንሺ። ካላወራም ግድ የለም። በሌላ ቀን ምርጫ ይዘሽለት ቅረቢ፦ ጣሪያ ባለው ቤት ማደር፣ ቀን ቀን መጥቶ መቀላቀል፣ ወይም ለዚህ ጊዜ መቅረት። ሦስቱም ቁጣ የማያስከትሉ እውነተኛ ምርጫዎች መሆናቸውን ሲያይ ብዙ ነገር ይቀልላችኋል። ቢቀር እንኳ ልጁ “አባዬስ?” ሲል የሚመልስለት አባቱ ራሱ ይሁን፤ አንቺ ስለ እሱ አታስረጂ።

ይህን ያነሳሁት መሬቱ ላይ መፍትሔ ስላለ ነው። ፖርት ካናቬራል ያለው ጄቲ ፓርክ የድንኳን ቦታም ትንንሽ ጎጆ ቤቶችም አሉት። ባለቤትሽና እናትሽ ጎጆው ውስጥ፣ አንቺና ልጅሽ ድንኳን ውስጥ፣ ሁላችሁም አንድ ግቢ ታድራላችሁ። የባሕሩ ዳርቻ በእግር የሚደረስ ነው። የስፔስኤክስ ኩባንያ ሮኬት የሆነው ፋልከን 9 አብዛኛውን ጊዜ ከሚነሳበት መድረክ 40 በስተ ደቡብ 11 ማይል ያህል፣ ከመድረክ 39ኤ ደግሞ 14 ማይል ያህል ይርቃል። መድረኩ ራሱ በዛፍ ስለሚጋረድ ሮኬቱን የምታዩት ብዙውን ጊዜ ከዛፎቹ በላይ ሲወጣ ነው፤ ይህን ለልጅሽ አስቀድመሽ ንገሪው። ሁለተኛው አማራጭ ታይተስቪል ውስጥ ኢንዲያን ሪቨር ዳር ያለው የብሬቫርድ ካውንቲ ካምፕ፣ ማናቲ ሃሞክ ነው። ከሁለቱም መድረኮች 13 ማይል ገደማ ይርቃል፤ ከፊት ለፊቱ ሰፊ ውሃ ስላለ እይታው ክፍት ነው። ጎጆ ቤቱ ለባለቤትሽ የሚያስፈልገው ከሆነ ጄቲ ፓርክን እመርጥልሻለሁ። ፕላያሊንዳ የሚባለውን የባሕር ዳርቻ ሰዎች ለመድረክ 39 በጣም ቅርብ ነው ብለው ያወሩልሻል። እውነት ነው፣ ግን ማታ ይዘጋል፣ ማደር አይፈቀድም፣ ለአንዳንድ ሮኬቶችም ጭራሹኑ ይዘጋል። እቅድሽን በእሱ ላይ አትሥሪ።

አሁን ወደ ትልቁ ፍርሃትሽ ልምጣ። ባለፈው ዓመት የጎዳችሁ ሮኬቱ መተላለፉ ብቻ አልነበረም፤ ለአንድ ሮኬት አንድ ቀን ብቻ መያዛችሁም ነበር። መተላለፍ በዚህ ሥራ ውስጥ የተለመደ ነው። ወደ ጨረቃ የተላከው አርቴሚስ 1 እ.ኤ.አ. ነሐሴ 29 ቀን 2022 ሊነሳ ነበር፤ ቀረ። መስከረም 3 ቀን እንደገና ተሞከረ፤ ሃይድሮጂን አፈሰሰና ቀረ። የተነሳው ኅዳር 16 ቀን ሌሊት ነው። ስለዚህ ፈቃዱ የተወሰነ ቤተሰብ እንዲህ ያለውን ግዙፍና ብርቅ ሮኬት ማሳደድ የለበትም። ፋልከን 9 ግን ከፍሎሪዳ በየጥቂት ቀኑ ይነሳል፤ እ.ኤ.አ. በ2024 ከዚያ የባሕር ዳርቻ ከ90 በላይ ሮኬቶች ወደ ምሕዋር መጥቀዋል። በአማካይ በአራት ቀን አንድ ማለት ነው። አንቺ ደግሞ ያለሽ አራት ቀን ነው። እንግዲህ የካምፑን ቦታ አስቀድመሽ ያዢ፤ ከዚያ በእነዚያ ቀናት የትኛው ሮኬት እንደሚነሳ ተከታተዪ። የሮኬት ቀን በእርግጥ የሚታወቀው በመጨረሻዎቹ ቀናት ስለሆነ “ሮኬቱ ይታወቅና ቦታ እይዛለሁ” ካልሽ ቦታ አታገኚም። ስትይዢ የስረዛ ደንቡን ጠይቂ። ፈቃድሽ በግንቦት መጨረሻ ከሚውለው የአሜሪካ በዓል፣ ከሜሞሪያል ዴይ ጋር ከገጠመ አሠሪሽን በአንድ ሳምንት እንዲያዛውርልሽ ለምኚ፤ በዚያ ቅዳሜና እሑድ ካምፑም መንገዱም ይሞላል።

ምርጫ ካገኘሽ ኢንተርኔት የሚያሰራጩትን የስታርሊንክ ሳተላይቶች የሚጭነውን ምረጪ። ወደ ጠፈር ጣቢያ የሚሄደው ሮኬት መነሻው ቦታ በጣቢያው ምሕዋር ሥር በሚያልፍበት ቅጽበት መነሳት ስላለበት፣ ያቺ ደቂቃ ካመለጠች ነገሩ ለሌላ ቀን ነው። ስታርሊንክ ግን አብዛኛውን ጊዜ ሰዓታት የሚቆይ የጊዜ ክፍት ይሰጠዋል፤ ደመና ቢመጣ እዚያው ሌሊት ዘግይቶ ሊነሳ ይችላል። የመጀመሪያ ቀጠሮው ሐሙስ ሌሊት ወይም ዓርብ የሆነውን ያዢ፤ ቢተላለፍ ብዙ ጊዜ የሚቀጠረው ለማግስቱ ነውና ቅዳሜ በእጅሽ ይቆያል። ለእሑድ የተቀጠረውን አትመኚው፤ ወደ ቤት የምትነጂበት ቀን ነው።

የሰዓት ነገር ብዙ ሰው ያሳስታል፤ እናትሽም ስላሉ ተጠንቀቂ። ማስታወቂያው “ዓርብ 1:30 ኤኤም” ካለ በእኛ አነጋገር ሐሙስ ከሌሊቱ 7:30፣ ለዓርብ አጥቢያ ማለት ነው። ዓርብ ማታ ተዘጋጅቶ የሚጠብቅ ሰው አልፎታል። አንዳንድ መርሐ ግብሮች ደግሞ ዩቲሲ በሚባለው ዓለም አቀፍ ሰዓት ይጻፋሉ። በግንቦት የፍሎሪዳን ሰዓት ለማግኘት ከዩቲሲ 4 ሰዓት ትቀንሻለሽ፤ ቀኑም አብሮ ወደ ኋላ ሊመለስ ይችላል። በወረቀት ላይ በሁለቱም አቆጣጠር ጽፈሽ ማቀዝቀዣው በር ላይ ለጥፊው።

ስለ አየር ሁኔታ የምትከታተዪው የአሜሪካ የጠፈር ጦር (ስፔስ ፎርስ) 45ኛው የአየር ሁኔታ ስኳድሮን የሚያወጣውን ትንበያ ይሁን። እዚያ ላይ 30 በመቶ ተብሎ ብታዪ፣ አየሩ የማስነሻ ደንቡን የሚጥስበት ዕድል 30 በመቶ ነው ማለት ነው፤ ማለትም 70 በመቶ መልካም ነው። ብዙዎች ገልብጠው ያነቡትና ሳይሄዱ ይቀራሉ። ይህ ቁጥር ታዲያ የቴክኒክ ብልሽትን፣ የላይኛውን ነፋስና ወደ ክልከላው ቀጠና የሚገባን ጀልባ አይቆጥርም። ደንቡ ጥብቅ የሆነበትም ምክንያት አለው፤ እ.ኤ.አ. በ1969 አፖሎ 12 በተነሳ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ሁለቴ መብረቅ መትቶታል። በግንቦት መጨረሻ የፍሎሪዳ ነጎድጓድ የሚበረታው ከሰዓት በኋላ ስለሆነ፣ ሌሊት ወይም ማለዳ የሚነሳው የተሻለ ዕድል አለው።

እዚህ ላይ ነው ካምፕ ማደር ትልቅ ጥቅም የሚሰጠው። ፋልከን 9 ሊነሳ 38 ደቂቃ ሲቀረው ነዳጅ ይሞላ አይሞላ የሚለው ውሳኔ ይሰጣል፤ 35 ደቂቃ ሲቀረው መሙላቱ ይጀመራል። ልጁን ከዚያ በፊት አትቀስቅሺው። አንቺ ስልክሽን ይዘሽ ስርጭቱን ጠብቂ፤ ነዳጅ መሙላት ሲጀመር ቀስቅሺውና ወደ ባሕሩ ሂዱ። ከዚህ በኋላም ሊቀር ይችላል። ከነዳጁ ጋር የሚሞላው ፈሳሽ ኦክስጅን በጣም ቀዝቅዞ ስለሚሞላና እየሞቀ ስለሚሄድ፣ ቆጠራው ከቆመ ዝም ብሎ ከቆመበት አይቀጥልም፤ ወይ ከመጀመሪያው ይሞላል ወይ ለነገ ይባላል። ቢቀር ግን አምስት ደቂቃ ተራምዳችሁ ትተኛላችሁ። ቢነሳም እንዲሁ፤ ከድልድዩና ከመናፈሻው የሚወጣው ሰው መኪና ውስጥ ሰዓት ሲጠብቅ እናንተ መኝታችሁ ላይ ናችሁ።

ከልጅሽ ጋር የምታደርጊው ንግግር ከዚህ ሁሉ ይቀድማል። ባለፈው ዓመት ያስለቀሰው ምን ነበር? ሮኬቱ መቅረቱ ነው ወይስ በማግስቱ እሱ ሳይኖር መነሳቱ? ጠይቂው፤ 11 ዓመቱ ነው፣ በደንብ ይነግርሻል። ከዚያ ቃልሽን አስተካክዪ፤ “ሮኬት አሳይሃለሁ” ማለት የማትቆጣጠሪውን ነገር መቀበል ነው። “ሦስት ሌሊት እዚያ እናድራለን፤ በነዚያ ሌሊቶች ከተነሳ እናያለን፤ ካልተነሳ ለምን እንዳልተነሳ አብረን እናጣራለን” በይው። ይህን መጠበቅ ትችያለሽ። ሥራም ስጪው፦ በደብተር ላይ የአየር ትንበያውን በመቶኛ፣ የነዳጁን ሰዓት፣ ቢተላለፍ የተሰጠውን ምክንያት ይመዝግብ። ድምፁ በማይል 5 ሰከንድ ያህል ስለሚፈጅ፣ ከ11 ማይል ርቀት እሳቱን ካየ በኋላ 55 ሰከንድ ገደማ ይቆጥራል፤ እስከዚያ ሮኬቱ በዝምታ ሲወጣ ያያል። ቅዳሜን ለኬኔዲ ስፔስ ሴንተር የጎብኚዎች ማዕከል ክፍት አድርጊለት። አትላንቲስ የተባለችው የጠፈር መንኮራኩርና ሙሉ ሳተርን 5 ሮኬት እዚያ አሉ። መግቢያው ውድ ስለሆነ ገንዘቡን ከአሁኑ ለይተሽ አስቀምጪ።

ድንኳኑን በተመለከተ፣ ለሁለት ሰው የአራት ሰው የተባለውን ግዢ፤ ቁጥሩ ትከሻ ለትከሻ ተጣብቆ ለሚተኛ ነው። ከድንኳኑ ጋር የሚመጡት ቀጫጭን ካስማዎች በአሸዋ ላይ አይይዙም፤ የባሕር ነፋስ ሲነሳ ተመዝዘው ይወጣሉ። 30 ሴንቲ ሜትር ወይም ከዚያ በላይ ርዝመት ያላቸው፣ ጎናቸው ሰፊ የአሸዋ ካስማዎች ስምንት ያህል ግዢ። ካጠሩሽ የጨርቅ ከረጢት አሸዋ ሞልተሽ፣ ገመዱን አስረሽበት፣ ክንድ ያህል ቆፍረሽ ቅበሪው። ከሥር የምታነጥፊው ሸራ ከድንኳኑ ጠርዝ ውጭ ብቅ ካለ ዝናቡን ሰብስቦ ከሥራችሁ ያስገባዋል፤ ጫፉን ወደ ውስጥ እጠፊው። ከመትከልሽ በፊት መሬቱን በእግርሽ ዳሰስ አድርጊ፤ ክፉኛ የሚናከሰው የእሳት ጉንዳን ጉብታ የተፈረፈረ አሸዋ ይመስላል። ይህን ሁሉ ለመጀመሪያ ጊዜ በጨለማ እንዳታደርጊው፣ ለአንቺ ቅርብ በሆነው በስቶን ማውንቴን ፓርክ ካምፕ አንድ ሌሊት ከልጅሽ ጋር ተለማመጂ። የጎደለው ነገር ያን ሌሊት ይታወቃል።

ማታና ንጋት ላይ፣ ነፋስ ሲቆም፣ ከትንኝ የሚያንሱ ተናካሾች ይወጣሉ፤ በተራ መረብ ያልፋሉ። መረቡ ደቃቅ የሆነ ድንኳንና ነፍሳት የሚያባርር፣ 20 በመቶ ፒካሪዲን ያለበት ቅባት ያስፈልጋችኋል። ምግብ ድንኳን ውስጥ አይደር፤ ራኩኖች ዚፕ ይከፍታሉ፣ መኪና ውስጥ ቆልፊው። ነጎድጓድ ከሰማችሁ ድንኳን መጠለያ አይደለምና ሁላችሁም መኪና ውስጥ ግቡ፤ የመጨረሻውን ድምፅ ከሰማችሁ በኋላ 30 ደቂቃ ቆዩ።

እናትሽ ቡና ሳያፈሉ እንደማይውሉ እገምታለሁ። እባክሽ ከሰል ድንኳንም ሆነ ጎጆ ውስጥ አይግባ፤ ዝናብ ቢጥልም፣ “ትንሽ ነው፣ ሊጠፋ ነው” ቢባልም። ጭሱ ካለቀ በኋላም ከፍሙ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፤ ተኝቶ ያለ ሰው ሳይነቃ ይገድለዋል። የጋዝ ምድጃም ውስጥ አይቀጣጠል። ጀበናውን ይዛችሁ ሂዱ፣ ከቤት ውጭ ጠረጴዛ ላይ በጋዝ ይፈላል። ኢንሱሊኑን በፎጣ ጠቅልለሽ ማቀዝቀዣ ሳጥኑ ውስጥ አስቀምጪ፤ በረዶውን ከነካና ከቀዘቀዘ ተበላሽቷል፣ ቀልጦ ጤነኛ ቢመስልም አይወጋም። የቆመ መኪና ውስጥም አትተዪው። ለጉልበታቸው ከአየር ፍራሽ ይልቅ ከመሬት 40 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ያለ ተጣጣፊ አልጋ ይሻላቸዋል። የመጀመሪያው የሮኬቱ ክፍል ወደ ኬፕ ካናቬራል ተመልሶ የሚያርፍ ከሆነ ከተነሳ 8 ደቂቃ ገደማ በኋላ እንደ ተኩስ የሚደጋገም ፍንዳታ ይሰማል፤ ባሕር ላይ በመርከብ የሚያርፍ ከሆነ አይሰማም። የትኛው እንደሆነ አስቀድመሽ አጣሪና ለእናትሽም ለባለቤትሽም ንገሪ፤ በተለይ ለባለቤትሽ።

ለምግብ ብዙ አትጨነቂ። ድርቆሽ፣ በሶና ቆሎ ማቀዝቀዣ አይፈልጉም። ውሃ ለአንድ ሰው በቀን 4 ሊትር አስቢ።

ከክላርክስተን መንገዱ ሰባት ሰዓት ያህል ነው፤ እናትሽ በየሁለት ሰዓቱ ወርደው እግራቸውን እንዲያፍታቱ ከስምንት በላይ አድርጊው። ፒች ፓስ የሚባለው የጆርጂያ የክፍያ መንገድ መለያ ካለሽ በፍሎሪዳ የክፍያ መንገዶችም ይሠራል። ሐሙስ በማለዳ ውጡ፣ ድንኳኑ ፀሐይ ሳትጠልቅ ይተከል። ሌሊት ሮኬት አይታችሁ ያንኑ ሌሊት ወደ አትላንታ እንዳትነጂ፣ የቱንም ያህል ሥራ ቢጠብቅሽ።

አሁን ግን ወደ ካምፑ ከመደወልሽ በፊት ከባለቤትሽ ጋር ተነጋገሪ። ጎጆ ቤት ትይዢ ወይም አትይዢ የሚወሰነው በእሱ መልስ ነው፤ ጎጆዎቹ ደግሞ ጥቂት ስለሆኑ ንግግሩን ለሚቀጥለው ሳምንት አታሳድሪው።